ክላሽ ለፎቶ፣ ወንጭፍ ለማሳ

ጎጃምና ጠመንጃ ሲነሱ የሚወራው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውን የሚያወራው ካፌ ውስጥ ማኪያቶውን እያማሰለ የሚፎክረው ወዳጃችን ነው። የበላይ ዘለቀ ምስል ያለበት ቲሸርት ለብሷል፤ ፌስቡኩ ላይ ክላሽ አንግቶ የተነሣው ፎቶ አለ፤ ክላሹ ግን የአጎቱ ልጅ ነው። ሁለተኛውን የሚያወራው አዳራሽ ውስጥ የታሸገ ውኃ ፊቱ ተደርድሮለት የሚያወግዘው ባለሥልጣን ነው። ለእሱ ገጠር ያለ ጠመንጃ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፤ «ሕገ ወጥ የጦር መሣሪያ»። ሁለቱ ወገኖች ሲነታረኩ ዓመታት አለፉ። አንድ ነገር ግን ያመሳስላቸዋል፤ ሁለቱም የበቆሎ ማሳ ሲጠብቁ አድረው አያውቁም።

እኛ ዛሬ ልናወራ የተነሣነው ሁለቱም ስለማያነሡት ጠመንጃ ነው። ጎን ለጎን የተጣመሩ ሁለት አፈሙዞች አሉት፤ ሁለት ጊዜ ይተኩስና ያበቃል። ተራ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ለአደንና ለማሳ ጥበቃ የተሠራ ነው። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ጠመንጃ የግድ ካስፈለገው የሚያስፈልገው ይኸኛው ነው። በእጁ ያለው ግን ወይ ወንጭፍ ነው ወይ ክላሽ። በሁለቱ መካከል ያለውን ሰፊ ቦታ ባዶ አድርገው የያዙት ደግሞ እነዚያው ፎካሪውና አውጋዡ ናቸው።

ማሳው ላይ ያለው ጦርነት

ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ ጃቢ ጠህናንን፣ ወምበርማን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አገሩ የበቆሎ አገር ነው። በቆሎው በሰኔ ይዘራል፣ በነሐሴና በመስከረም እሸት ይሆናል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። እሸት ከያዘበት ቀን አንሥቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም። ቀን ዝንጀሮ፣ ጦጣና ከርከሮ አሉ። ሲመሽ ተረኞቹ ጃርትና የዱር አሳማ ናቸው። ዝንጀሮ እንደሆነ ለብቻው አይመጣም፤ መንጋውን ይዞ ነው የሚገባው። ከበላው ይልቅ የሰበረውና ቀምሶ የጣለው ይበልጣል።

የብር፣ የላህና የፈጣም ወንዞች ዳር ዳር የቀረው ደን፣ ወደ ዓባይ የሚወርደውም ቆላ የእነዚህ እንስሳት መሸሸጊያ ነው። ደኑ በተመነጠረ ቁጥር እርሻው ወደ እነሱ ተጠጋ፣ እነሱም ወደ እርሻው ተጠጉ። በዝንጀሮ ላይ ክስ ልንመሠርት አይደለም። «መሬቱ ቀድሞ የእነሱ ነበር» የሚል ካለም አንሞግተውም። ነገር ግን ያ በቆሎ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያም ነው። ዝንጀሮ ለፈጀው ማሳ ካሳ ተቀብሎ የገባ ገበሬ ካያችሁ ንገሩንና እልል እንበል።

ለመሆኑ ማማ ላይ ወጥቶ የሚጠብቀው ማን ነው? አባት አንድ ሰው ነው፤ ማረስም፣ ማረምም፣ ገበያም፣ ስብሰባም አለበት። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ልጅ ነው። አሁን ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ እሸት የሚደርሰውም በመስከረም ነው። የትምህርት ቢሮ ሪፖርት «ማቋረጥ» እና «መድገም» ብሎ የሚመዘግበው ልጅ የት እንደዋለ የሚጠይቅ ካለ፣ ማማ ላይ ነው የዋለው። የገጠር ሰው ደግሞ ዝንጀሮ ሴትንና ሕፃንን ከጎልማሳ ወንድ ለይቶ እንደሚያውቅ ይነግራችኋል። ልጅቷ ወንጭፏን ስታስጮህ ትንሽ ፈቀቅ ይልና ቁጭ ብሎ ያያታል።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚመጣው። ይህ ቤተሰብ ምን መሣሪያ ይያዝ?

ወንጭፍና ክላሽ

ያለውን እንቁጠር። ወንጭፍ አለ፣ ጅራፍ አለ፣ ውሻ አለ፣ የሌሊት እሳት አለ፣ ጩኸት አለ። እነዚህን አንንቃቸውም፤ ብዙ ትውልድ በእነሱ በልቷል። ግን ሁሉም የሚሠሩት ሰው ሌት ተቀን ቆሞ ካሠራቸው ነው። ዝንጀሮ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ጩኸት ብቻ መሆኑን በሦስተኛው ቀን ይደርስበታል።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ዝላይ ወደ ክላሽ ነው። ከወንጭፍ ወደ ክላሽ! በመካከል ምንም የለም። ከአህያ ጀርባ ወርዶ ታንክ እንደ መንዳት ነው።

ክላሽ ለማሳ ጥበቃ የማይሆን መሣሪያ ነው። ካዝናው 30 ጥይት ይጎርሳል፤ ሰው በሰው ላይ እንዲያርከፈክፈው ነው የተሠራው። ጥይቱ ዝንጀሮውን ሲስት ከኪሎሜትር በላይ ይጓዛል፤ እዚያ ማዶ ያለው ደግሞ የአያ እገሌ ቤት፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ ወንዝ የወረደች ሴት ናት። ዋጋው ጥማድ በሬ ያሸጣል። በሬውን ሸጦ በቆሎ የሚጠብቅ ገበሬ በቀጣዩ ዓመት በምን ሊያርስ ነው? ክላሹ ቤት ከገባ በኋላም ጣጣው አያልቅም። የታጠቀ ሁሉ ይፈልገዋል። አንዱ «ና ተሰለፍ» ይለዋል፣ ሌላው «አምጣ አስረክብ» ይለዋል፣ ሦስተኛው በሌሊት መጥቶ ሊዘርፈው ያደባል። ለዝንጀሮ የተገዛ መሣሪያ ባለቤቱን ከሰው ጋር ጦርነት ውስጥ ይከተዋል።

ሁለት አፍ ያለው ተራ ዕቃ

ባለ ሁለት አፈሙዙን ለማታውቁት እንግለጸው። ሁለት ለስላሳ አፈሙዞች ጎን ለጎን ተጣምረዋል። ወገቡ ላይ ታጥፎ ይከፈታል፤ ሁለት ጥይት ይጎርሳል፣ ይዘጋል። አንዱ ቃታ አንዱን፣ ሌላው ቃታ ሌላውን ይተኩሳል። ካዝና የለውም፣ አያርከፈክፍም። ከሁለቱ ተኩስ በኋላ ከፍተህ ቀለሁን አውጥተህ እንደገና ማጉረስ አለብህ። ታጥፎ ከተከፈተ ደግሞ ሊተኩስ አይችልም። ባዶ መሆኑን ከአሥር ሜትር ርቀት ላይ ያለ ሰው በዓይኑ ያያል። ክላሽ ባዶ ይሁን ሙሉ በምን ታውቃላችሁ?

ጥይቱም የተለየ ነው። አንድ አረር ከመወርወር ይልቅ እንደ ጤፍ ወይም እንደ አተር ያለ የተፈናጠረ እርሳስ ይበትናል። ለወፍ የሚሆነው ደቃቁ፣ ለከርከሮ የሚሆነው ተለቅ ያለው ነው። ደቃቁ እርሳስ ሥራውን የሚሠራው እስከ 40 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ይደክምና ይረግፋል። ለማሳ የሚሆነው ርቀት ደግሞ ያው ነው። በዓለም ላይ በብዛት የሚታወቀው መጠን «12 ቁጥር» ይባላል፤ ስሙ የመጣው አንድ ፓውንድ (453 ግራም ገደማ) እርሳስ እኩል 12 ድቡልቡል ሲደረግ የአንዱ ስፋት የአፈሙዙን ያህል ስለሚሆን ነው። ይኸው ነው ምስጢሩ፤ የሮኬት ሳይንስ የለበትም።

በዚህም ምክንያት ርካሽ ነው። የቤልጂየሟ ሊዬዥ ከ19ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ለዓለም ገበሬ ርካሽ ባለ ሁለት አፈሙዝ ስትልክ ኖራለች። የስፔኗ ኤይባር እንደዚሁ። የቱርኳ ሁግሉ ከተማ ጠመንጃ ሠሪዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ይሠሩታል። ከቱርክ ወደ እኛ በኮንትሮባንድ የሚጎርፈው ግን ሽጉጥ ነው። ከሁሉ የሚገርመን የሩሲያዋ ኢዠቭስክ ናት። ክላሽ የሚሠራባት ከተማ እሷ ናት። እዚያው ከተማ ውስጥ ሌላ ፋብሪካ ደግሞ «ባይካል» በሚል ስም ርካሽ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ሲሠራ ኖሯል። ከአንዲት ከተማ ሁለት ዕቃ ወጣ። የራሺያ ገበሬ ለቤቱ ባይካሉን ያዘ። ለእኛ ገበሬ የደረሰው ክላሹ ነው።

በጅግራ ማን ይፎክራል?

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱን ከፎከራ ውስጥ አገኘነው።

በአገራችን አደን ከእራት ጋር ተያይዞ አያውቅም፤ ከክብር ጋር እንጂ። አንበሳ፣ ዝሆን፣ ጎሽ የገደለ «ግዳይ ጣለ» ይባል ነበር፤ ይፎክር፣ ይሸለም ነበር። ጠመንጃውም እንደ ሰው ስም ነበረው። የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ውጅግራ ተባለ፤ አልቤን መጣ፣ ምንሽር መጣ። ያ ሁሉ መሣሪያ አድዋ ላይ፣ በኋላም በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ዳሞትና ቡሬ ላይ ሥራ ሠርቷል፤ ይህን የሚክድ ታሪክ ያላነበበ ነው። ቀጥሎ በ1969 ዓ.ም. የሶቪየት መሣሪያ አገሪቱን ያጥለቀልቃት ጀመር፤ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን ክላሹ ገበያ ወጣ። የውጅግራን ክብር የወረሰው ክላሽ ነው። የሠርግ ተኩስ በእሱ ነው፣ የለቅሶ ተኩስ በእሱ ነው፣ ቀረርቶው በእሱ ነው።

ባለ ሁለት አፈሙዙ እዚህ ሰልፍ ውስጥ ቦታ የለውም። በጅግራ ማን ይፎክራል? «ትናንት ሁለት ቆቅ ጣልኩ» ብሎ ሠርግ ላይ የሚያቅራራ ካለ ይምጣና እንየው። የማሳ ጠመንጃ እንደ ማጭድ፣ እንደ ድጅኖ ያለ ዕቃ ነው። ለእኛ ትልቁ በጎነቱም ይኸው ነው። የማይፎከርበት መሣሪያ ማንም ለታይታ አይሸከመውም፣ ማንም ለጦርነት አይመለምለውም። ሁለት ተኩሶ የሚጎርስን ጠመንጃ ይዞ ሠራዊት ልግጠም የሚል እብድ የለም።

ካፌ ያለው ወዳጃችን ይህን ሲሰማ ይከፋዋል፤ «ጀግናን በጅግራ አዳኝ ትለውጣላችሁ?» ይለናል። ወዳጄ፣ ጀግንነቱን አልነካንብህም። ግን የአንተ ፎቶ ለአጎትህ አንድ ኩንታል በቆሎ አላተረፈለትም። ክላሹን «ባህል» ባልከው ቁጥር ያ ገበሬ በሬውን ሸጦ እንዲገዛው ትገፋፋዋለህ። መስከረም ሲጠባ ማማ ላይ የምትወጣው የእሱ ልጅ ናት፤ አንተ አይደለህም። ዝንጀሮ እንኳ «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» ብላለች፤ አንተ ግን ማሳው ሳይጠበቅ ፎከራው ይቅደም ትላለህ።

ሕጉ ማንን ያድናል?

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ።

የዱር እንስሳትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ደግሞ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ ማዘዋወርንና መነገድን ይከለክላል። ሁለቱንም በመርሕ ደረጃ እንደግፋቸዋለን። ደን የሌላት፣ አውሬ የሌላት አገር አንፈልግም። ሽጉጥ በነዳጅ ቦቴ ተደብቆ የሚገባባት አገርም አንፈልግም።

ግን ፈቃድ የሚለው ቃል ለማን ነው የሚሠራው? ባሌና አርሲ ተራሮች ላይ የውጭ አገር ባለጸጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ፣ ጠመንጃውን በአውሮፕላን ይዞ ገብቶ፣ የደጋ አጋዘን አድኖ፣ ቀንዱን ይዞ ይመለሳል። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ይህ ሕጋዊ ነው፤ ኮታ አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ አጃቢ አለው። እኛ ይህን አንቃወምም፤ ገንዘቡ በአግባቡ ከዋለ ለጥበቃውም ይበጃል። ነገር ግን የወምበርማው ገበሬ ቀለቡን የሚበላበትን ከርከሮ፣ በዓለም ላይ ያልጠፋውን ከርከሮ፣ በሕጋዊ መንገድ የሚመልስበት በር የት ነው? ከአጨዳ በኋላ እህል ለቃሚ ጅግራ ማሳውን ሲሞላው አንዷን ለድስት ማዋል የሚችልበት ደረሰኝ በየትኛው መስኮት ይቆረጣል? ፍኖተ ሰላም ገበያም ሆነ ቡሬ ገበያ ወርዶ ሕጋዊ የአደን ጠመንጃ የሚገዛበት ሱቅ አያገኝም። ሕጋዊው ሱቅ ሲዘጋ የሚከፈተው ጥቁር ገበያው ነው፤ ጥቁር ገበያው ላይ ያለው ደግሞ ክላሽና ሽጉጥ ነው። «ያድናል» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። ሕጉ የሚያድነውን ባዕድ ፈቀደለት፤ ከርከሮ ከሚበላው በቆሎ ግን ገበሬውን አላዳነውም።

ሌላው ዓለም ይህን መንገድ ከጠረገው ቆይቷል። ሕንድ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የጦር መሣሪያ ሕግ ለስላሳ አፈሙዝ ያለውን ረጅም ጠመንጃ ለጥበቃና ለስፖርት፣ ከአፍ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ ደግሞ በግልጽ «ለሰብል ጥበቃ» ብላ ለይታ የፈቃድ መንገድ አበጀችለት። እንግሊዝ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ሕጓ ለእርሻ ጠመንጃ አንድ ዓይነት የምስክር ወረቀት፣ ለሌላው ጠመንጃ ሌላ፣ በጣም ጠበቅ ያለ ወረቀት አዘጋጀች። እንግሊዝ ለመሣሪያ ልል ናት የሚል የለም። ነገሩ ቀላል ነው፤ ዕቃውን ከዕቃ መለየት ነው። ቢላዋና መድፍ ሁለቱም ብረት ናቸው፤ በአንድ መዝገብ አይጻፉም።

የእኛ ሙያ ሰዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም። ጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ «አምስቱን ጥያቄ መልሱ» ይሉን ነበር፤ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን። የዜና ሰዓት ላይ ጠረጴዛ ላይ የተደረደረ ሽጉጥና ጥይት እናያለን። «በቁጥጥር ሥር ዋለ» ይባላል። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት ተመለሰ። «ለምን» የሚለው ጠረጴዛው ላይ የለም። ገበሬው ለምን መሣሪያ እንደሚፈልግ ሳይጠየቅ መሣሪያው ሺህ ጊዜ ቢያዝ ሺህ አንደኛው መንገድ ላይ ነው።

«አሁን ነው ይህ የሚወራው?»

ይህ ተቃውሞ እንደሚመጣ እናውቃለን፤ ክብደቱንም እናውቃለን። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ከተወሰነ ወዲህ አማራ ክልል ወደ ጦርነት ገባ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት በሆነችው ፍኖተ ሰላም መሐል ላይ ፍንዳታ ደረሰ፤ የዓለም መገናኛ ብዙኃን የሆስፒታል ምንጮችን ጠቅሰው ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ዘገቡ። በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ጅግራና ስለ ከርከሮ ማውራት ቅንጦት ይመስላል።

እኛ ግን እንዲህ እንላለን። ጦርነት ሁሉ አንድ ቀን ይቆማል፤ ሲቆም የመጀመሪያው ጥያቄ «መሣሪያው ወዴት ይሂድ?» ነው። ያን ቀን ለገበሬው «ያለህን ሁሉ አምጣ፣ በምትኩ ምንም የለም» የሚሉት ከሆነ፣ እሱ ደግሞ ክላሹን በላስቲክ ጠቅልሎ ይቀብረዋል። ጎጃም ይህን ያውቅበታል። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አዲስ የእርሻ ገቢ ግብር ይዞ ሲመጣ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ገበሬው አመጸ። ከግብሩ ቀድመው ከተጠራቀሙት ቅሬታዎች አንዱ የጠመንጃ ምዝገባው ነበር። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላን ላከ። በመጨረሻ ግን ግብሩን ተወ፤ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴም ተነሡ። ገበሬው ምዝገባን የሚፈራው «መዝገቡ ነገ የመንጠቂያ ዝርዝር ይሆናል» ብሎ ነው። ፍርሃቱ ከሰማይ አልወረደም። ስለዚህ መዝገቡ ለገበሬው የሚሰጠው ነገር ይኑረው። «ክላሹን አስረክብ፣ በምትኩ ሕጋዊ የማሳ ጠመንጃህን ውሰድ፣ ይህን ደግሞ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ማንም አይነካብህም» የሚል ልውውጥ ከባዶ ትእዛዝ ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደም መመለስ ነው። «ባለ ሁለት አፈሙዝም ይገድላል» ይሉናል። አዎ፣ ይገድላል። በቅርብ ርቀት ከክላሽ የማይተናነስ ቁስል ያደርሳል፤ ይህን ደብቀን አንከራከርም። ግን ረጅም ነው፣ በነጠላ ሥር አይደበቅም። ሁለት ተኩሶ ይቆማል፤ ለቅሶ ቤት ያለን ሰው በሙሉ አያጭድም። ከማዶ ተራራ ላይ አድብቶ መጣልም አይቻለውም። ከሁለት ክፉ ያነሰውን መምረጥ ሽንፈት ሳይሆን አስተዳደር ይባላል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእኛ የሴቶቹ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚከብደንም እሱ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ማንን እንደሚያስፈራራ የገጠር ሚስት ታውቃለች። ስለዚህ ሚስት የምትጠየቅበት ፈቃድ ይሁን እንላለን። ካናዳ ይህን ታደርጋለች፤ የመሣሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው የትዳር አጋሩን፣ በቅርብ የተለያየችውንም ጭምር፣ ማስፈረም አለበት፤ ካልፈረመች ጉዳዩ እንዲነገራት ይደረጋል። ኦታዋ ላይ የሚሠራ ነገር ቡሬ ላይ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም። እንዲያውም የቡሬ ሴት የባሏን ጠባይ ከየትኛውም ፖሊስ በላይ ትመሰክራለች።

አራተኛው ስለ አውሬው ነው። «የቀረችውን አውሬ ልትጨርሱ ነው» የሚሉንን እንሰማለን። አሁን እየጨረሳት ያለው ግን ቁጥጥር የሌለው አደን፣ መርዝና ምንጣሮ ነው። ማን ምን እንደገደለ የሚጽፍ የለም። ጉሬዛን ለቆዳው የሚገድል ይታሰር፤ እኛም እንመሰክርበታለን። ጅግራና ቆቅ በክረምት እንቁላል ላይ ሲሆኑ አደን ይዘጋ፣ ከአጨዳ በኋላ ይከፈት። ድኩላና ሚዳቋ የመንደሩ ደን ምን ያህል እንደሚሸከም ተቆጥሮ ይወሰን። ገበሬው ከደኑ የሚያገኘው ነገር ሲኖር ደኑን ይጠብቀዋል። ከደኑ የሚመጣበት ዝንጀሮ ብቻ ከሆነ ደኑን በእሳት ቢለቀው ምን ብለን ልንወቅሰው ነው?

የምንጠይቀው

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም፤ ቆጥረን እናስቀምጠው።

አንደኛ፣ ባለ ሁለት አፈሙዙ የማሳ ጠመንጃ ከጦር መሣሪያ ተለይቶ የራሱ መዝገብና የራሱ ፈቃድ ይኑረው፤ ፈቃዱም ወረዳ ላይ ይሰጥ። ፈቃድ ለማግኘት አዲስ አበባ ተመላለስ የሚባል ገበሬ ክላሹን መግዛት ይቀለዋል።

ሁለተኛ፣ ጠመንጃው የግለሰብ ብቻ አይሁን። የቀበሌው ገበሬዎች ማኅበር ገዝቶ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ለተራ ጠባቂዎች ይስጥ፤ ከታኅሣሥ በኋላ ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ይግባ። አንድ መንደር አራት ባለ ሁለት አፈሙዝ ቢኖረው አርባ ክላሽ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ ጥይቱ ይቆጠር። ደቃቅና መካከለኛ እርሳስ ብቻ ይሸጥ፤ አንድ ወጥ አረር የሚወረውረው ጥይት ይከልከል። ባዶ ቀለህ ያልመለሰ አዲስ ጥይት አያግኝ። ቡና በሲኒ ቆጥሮ የሚሸጥ አገር ጥይት በቀለህ ቆጥሮ መሸጥ አያቅተውም።

አራተኛ፣ የትዳር አጋር ትፈርም።

አምስተኛ፣ የአደን ወራትና የሚታደኑት እንስሳት ዝርዝር በአማርኛ ተጽፎ ቤተ ክርስቲያን በር ላይና ገበያ መግቢያ ላይ ይለጠፍ። የደጋ አጋዘን የሚያድነው ባዕድ ደንቡን በቋንቋው ተተርጉሞለት ያነባል፤ የወምበርማው ሰው ለምን በወሬ ይስማው?

እነዚህ አምስቱ ቢሟሉ ዝንጀሮ ጠፍቶ ጎጃም ገነት አትሆንም። ወንጭፉም አይቀርም፣ ውሻውም አይቀርም። ግን ልጅቷ ከማማው ወርዳ ክፍሏ ትገባለች። አባቷም ጥማድ በሬውን ሳይሸጥ ይከርማል።

ፎካሪው ወዳጃችን ይህን አንብቦ ሲጨርስ አንድ ነገር ያድርግልን። የአጎቱ ልጅ ጋ ይደውልና ስለ ክላሹ ሳይሆን ስለ በቆሎው ይጠይቀው፤ ዘንድሮ ስንት መደብ በዝንጀሮ ሄደ? ባለሥልጣኑም ቀጣዩን ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ከሚያደርገው በጥቅምት ጃቢ ጠህናን ላይ ማማ ሥር ያድርገው፤ ውኃውን እኛ እናቀርባለን።